ሲድኒ ጋርፊልድ፦ ጤነኞችን በመመርመር የጨጓራ ካንሰር መንስኤ እንዲታወቅ መንገድ የጠረጉት ሐኪም

እአአ በጥቅምት 1991 ኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን በተሰኘው የሕክምና መጽሔት የወጣ አንድ ጥናት፣ በጨጓራ ውስጥ የሚኖር ባክቴሪያ ከጨጓራ ካንሰር ጋር ያለውን ዝምድና ከጥርጣሬ አውጥቶ በማስረጃ አጸናው። ባክቴሪያው በብዙ አማርኛ ተናጋሪዎች ዘንድ ኤች ፓይሎሪ በሚለው አጭር ስሙ የሚታወቀው ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ ነው።

የጥናቱ ዋና ማስረጃ የተገኘው ካንሰር ከያዛቸው ሰዎች ጨጓራ አልነበረም። በ1960ዎቹ በካሊፎርኒያ፣ በኦክላንድና በሳን ፍራንሲስኮ ከተሞች ለጤና ምርመራ ከቀረቡ ሰዎች ተቀድቶ ለዓመታት በከፍተኛ ቅዝቃዜ ከተቀመጠ ደም ነበር። ሰዎቹ ወደ ምርመራው የመጡት ታመው ሳይሆን ጤንነታቸውን ለማወቅ ነው። ካንሰሩ በአንዳንዶቹ ላይ የታየው ከብዙ ዓመታት በኋላ ነበር።

ጤነኛን ሰው መርምሮ መዝግቦ መያዝ በዚያ ዘመን የተለመደ አሠራር አልነበረም። ሐኪም የሚፈለገው ሕመም ሲመጣ ነበር። በኦክላንድ ግን አንድ የሕክምና ድርጅት ይህን ልማድ ገልብጦ ይሠራ ነበር። የድርጅቱን መሠረት የጣሉት ዶክተር ሲድኒ ጋርፊልድ ናቸው። ዶክተሩ ስለ ባክቴሪያው ያጠኑት ነገር የለም። ጥናቱ ከመውጣቱ 7 ዓመት ቀድመው በ1984 ሞተዋል። ሆኖም የ1991ዱ መልስ የተገኘበት ደም ለምን በኦክላንድ እንደተገኘ ለመረዳት የእርሳቸውን ሕይወት መከተል ያስፈልጋል።

መሐንዲስ ለመሆን የተመኘው ወጣት

ሲድኒ ጋርፊልድ በሚያዝያ 1906 በኒው ጀርዚ ግዛት፣ ኤልዛቤት በተባለች ከተማ ተወለዱ። ወላጆቻቸው ከሩሲያ የተሰደዱ አይሁዳውያን ነበሩ። ወጣቱ ሲድኒ ልቡ ወደ ምሕንድስናና ወደ ሕንጻ ንድፍ ያደላ እንደነበር፣ ወደ ሕክምና ያመራውም በወላጆቹ ግፊት እንደነበር የሕይወት ታሪካቸውን የጻፉ ይናገራሉ። የሕክምና ትምህርታቸውን በአይዋ ዩኒቨርሲቲ ተከታትለው በ1928 ተመረቁ። ከዚያም በሎስ አንጀለስ ካውንቲ ሆስፒታል የቀዶ ሕክምና ሥልጠና ወሰዱ።

ሥልጠናቸውን ሲያጠናቅቁ አሜሪካ በታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ውስጥ ነበረች። ሕዝቡ ለሐኪም የሚከፍለው አጥቶ ስለነበር፣ በከተማ ክሊኒክ መክፈት ለወጣት ሐኪም ተስፋ የሚሰጥ ሥራ አልነበረም። በዚያን ጊዜ የጨጓራ ካንሰር በአሜሪካ እጅግ ብዙ ሰው ከሚገድሉ የካንሰር ዓይነቶች አንዱ ነበር። በሽታው አብዛኛውን ጊዜ የሚታወቀው ሥር ከሰደደ በኋላ ስለሆነ፣ የቀዶ ሐኪም ቢላዋ ሲደርስ ጊዜው ያለፈ ነበር። መንስኤውን የሚያውቅ አልነበረም። ጨጓራ አሲድ ስለሚያመነጭ ምንም ዓይነት ባክቴሪያ ሊኖርበት አይችልም የሚለው እምነት ደግሞ በሕክምና ትምህርት ቤቶች ሥር የሰደደ ነበር።

በቀን 5 ሳንቲም

በ1933 ዶክተር ጋርፊልድ ወደ ደቡብ ካሊፎርኒያ በረሃ ሄዱ። የኮሎራዶን ወንዝ ውሃ ወደ ሎስ አንጀለስ የሚያደርሰው ታላቅ ቦይ እየተቆፈረ ነበር፤ በሥራውም 5 ሺህ ያህል ሠራተኞች ተሰማርተዋል። ዶክተሩ ዴዘርት ሴንተር በተባለችው ሥፍራ አቅራቢያ 12 አልጋዎች ያሏት ትንሽ ሆስፒታል በብድር ገንዘብ አቋቋሙ።

ሕሙማን አልጠፉም፤ ገንዘቡ ግን ጠፋ። የመድን ኩባንያዎች በሥራ ላይ ለደረሰ ጉዳት ክፍያ ያዘገዩ ነበር፤ ከባድ ጉዳት የደረሰበትንም ሠራተኛ ወደ ሎስ አንጀለስ ይወስዱታል። ከሥራ ውጭ የታመመ ሠራተኛ ደግሞ የሚከፍለው አልነበረውም። ዶክተሩ ግን ማንንም መመለስ ስላልሆነላቸው ሆስፒታሏ ለመዘጋት ተቃረበች።

መፍትሔው የመጣው ከመድን ሰዎች ዘንድ ነው። ሃሮልድ ሃች የተባሉ፣ ቀድሞ መሐንዲስ የነበሩ የመድን ባለሙያ፣ ኩባንያው ለእያንዳንዱ ሠራተኛ በቀን 5 ሳንቲም አስቀድሞ እንዲከፍል ሐሳብ አቀረቡ። ሠራተኛው ከሥራ ውጭ ለሚገጥመው ሕመም እንዲታከም ከፈለገ እርሱም ሌላ 5 ሳንቲም ይጨምራል። አብዛኞቹ ሠራተኞች ተስማሙ፤ ሆስፒታሏም ከዕዳ ወጣች።

የክፍያው ለውጥ ግን ከሒሳብ አልፎ የሐኪሙን አስተሳሰብ ለወጠው። ቀደም ሲል ገቢ የሚያስገኘው የታመመ ሰው ነበር። አሁን ገንዘቡ አስቀድሞ ስለሚከፈል፣ ለሐኪሙም ለሠራተኛውም የሚጠቅመው ሰው አለመታመሙ ሆነ። ዶክተር ጋርፊልድ አደጋ የሚበዛባቸውን ሥፍራዎች እየለዩ ለሥራ ኃላፊዎች ማሳሰብ ጀመሩ። ሚስማር የወጋቸው ሠራተኞች ሲበዙ ሚስማሮቹ እንዲመቱና እንዲነሱ፣ በዋሻ ውስጥ ድንጋይ የወደቀባቸው ሲበዙ ጣሪያው እንዲደገፍ ያደርጉ እንደነበር ይነገራል። በኋለኛው ዘመን የሠሩት ሁሉ የበቀለው ከዚህ የበረሃ ትምህርት ነው።

ከግድቡ ወደ መርከብ ግንባታው

በ1938 ኢንዱስትሪያሊስቱ ሄንሪ ካይዘርና ልጃቸው ኤድጋር፣ በዋሽንግተን ግዛት ለሚገነባው የግራንድ ኩሊ ግድብ ሠራተኞች ተመሳሳይ አገልግሎት እንዲያቋቁሙ ዶክተር ጋርፊልድን ጋበዟቸው። በዚያ አገልግሎቱ ከሠራተኛው አልፎ ሚስቱንና ልጆቹን አካተተ። የተለያየ ሙያ ያላቸው ሐኪሞች ለየብቻ ክሊኒክ ከመክፈት ይልቅ በአንድ ጣሪያ ሥር፣ በቋሚ ክፍያ ተባብረው መሥራት ጀመሩ። የአንድ ታካሚ መዝገብም ሁሉም ሐኪም የሚያየው አንድ መዝገብ ሆነ።

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲመጣ ካይዘር ከኦክላንድ በስተሰሜን በምትገኘው ሪችመንድ የጦር ዕቃ ጫኝ መርከቦችን በፍጥነት መገንባት ጀመሩ። በጦርነቱ ዓመታት ከሪችመንድ 747 መርከቦች ወጥተዋል። ከ1940 በፊት 23 ሺህ ያህል ነዋሪ የነበራት ከተማ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ወደ 100 ሺህ ተጠጋች። ከደቡብ ግዛቶች የመጡ ጥቁር አሜሪካውያን፣ ከእርሻ የወጡ ድሆች፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ብረት መበየድ የተማሩ ሴቶች፣ ለውትድርና ብቁ ያልተባሉ ወንዶች ተሰበሰቡ። ብዙዎቹ ከቀድሞም ጤና ያልነበራቸው ሰዎች ነበሩ።

ዶክተር ጋርፊልድ ወደ ጦር ሠራዊት ሊዘምቱ ተዘጋጅተው ሳለ ካይዘር ለፕሬዚዳንት ሩዝቬልት አመልክተው አስቀሯቸው። በ1942 በኦክላንድ፣ በብሮድዌይና በማካርተር ጎዳናዎች መገናኛ ላይ የነበረ አሮጌ ሆስፒታል ታድሶ ተከፈተ። በሪችመንድም ሌላ ሆስፒታል ተሠራ። በዘመኑ በብዙ የአሜሪካ ሆስፒታሎች ጥቁርና ነጭ ሕሙማን ተለያይተው ይተኙ ነበር፤ በእነዚህ ግን እንዲህ ያለ ክልከላ አልነበረም።

ድርጅቱ ፐርማኔንቴ የሚል ስም ወጣለት። ስሙ የተወሰደው ከሳን ሆዜ በስተምዕራብ ከሚገኙት ኮረብቶች ከሚፈልቅ አንድ ጅረት ነው። ካይዘር በጅረቱ አጠገብ ትልቅ የሲሚንቶ ፋብሪካ ነበራቸው። ጅረቱ ሌሎቹ በሚደርቁበት በጋ እንኳ ስለማይነጥፍ ስፓኒሽ ተናጋሪዎች ዘላቂ የሚል ትርጉም ያለው ስም ሰጥተውት ነበር። የካይዘር ባለቤት ቤስ ስሙን ይወዱት ስለነበር ለሆስፒታሉም ተመረጠ።

ከራሳቸው ተቋም መገፋት

ጦርነቱ ሲያበቃ የመርከብ ግንባታው ቆመ፤ በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ሠራተኞችም ተበተኑ። የሕክምና ድርጅቱ አብሮ ይፈርሳል ተብሎ ተጠበቀ። ዶክተር ጋርፊልድና ባልደረቦቻቸው ግን በሐምሌ 1945 በሩን ለሕዝብ ከፈቱት። የከተማ አስተዳደር ሠራተኞች፣ መምህራንና የሠራተኞች ማኅበራት ገቡ። በ1950 የምዕራብ ጠረፍ የወደብ ጫኝና አውራጅ ሠራተኞች ማኅበር አባላቱን ይዞ ተቀላቀለ።

የሐኪሞች ማኅበራት ተቃውሞ ግን የበረታ ነበር። አስቀድሞ በሚከፈል ቋሚ ገንዘብና በቡድን ማከም የሙያውን ነጻነት ያጠፋል፣ ሶሻሊዝምንም ያስገባል ተባለ። የፐርማኔንቴ ሐኪሞች በየአካባቢው ማኅበር አባል እንዳይሆኑ ተከለከሉ። በ1940ዎቹ መጨረሻ የግዛቱ የሐኪሞች ፈቃድ ሰጪ ቦርድ ዶክተር ጋርፊልድን ከሶ ቅጣት ቢጥልባቸውም ፍርድ ቤት ቅጣቱን ሽሮታል።

ከውጭው ተቃውሞ ይልቅ የከበዳቸው የውስጡ ነበር። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ሄንሪ ካይዘር በሆስፒታሎቹ ሥራ በቀጥታ እየገቡ መጡ፤ ሐኪሞቹ ደግሞ ሕክምናን የሚመራው ነጋዴ ሳይሆን ሐኪም መሆን አለበት አሉ። ዶክተር ጋርፊልድ በመካከል ቆሙ። ለካይዘር ወዳጅና ባለውለታ ነበሩ፤ በኋላም የሚስቶቻቸው እህትማማችነት አዛምዷቸዋል። ለሐኪሞቹ ደግሞ የመጀመሪያው መሪያቸው ነበሩ። በ1955 በታሆ ሐይቅ ዳርቻ በተደረገ ስብሰባ ሁለቱ ወገኖች ሥልጣን የሚካፈሉበት ስምምነት ላይ ሲደርሱ፣ ዶክተር ጋርፊልድ ግን የመሠረቱትን ድርጅት መምራታቸው አበቃ።

ከዚያ በኋላ ሥራቸው የሆስፒታል ሕንጻ መንደፍ ሆነ። ወጣት ሳሉ የተመኙት የምሕንድስና ሙያ በዚህ መንገድ አገኛቸው። ነርሶች ለሕሙማን የቀረቡበት፣ የሠራተኛውና የጠያቂው መተላለፊያ የተለያየበት ንድፍ በዘመኑ አነጋጋሪ ነበር። ሥልጣናቸውን ቢያጡም የበረሃውን ጥያቄ አልተዉትም፦ ሰው ሳይታመም በፊት ሐኪም ምን ሊያደርግለት ይችላል?

ከሳን ሆዜ እስከ ኦክላንድ

ለዚህ ጥያቄ አንዱ መልስ በጎረቤት ከተማ እየተሞከረ ነበር። በ1948 የካሊፎርኒያ የሕዝብ ጤና ባለሙያ የነበሩት ዶክተር ሌስተር ብሬስሎው፣ በሳን ሆዜ አንድን ጤነኛ ሰው በአንድ ቀን ለብዙ በሽታዎች መመርመር የሚቻልበትን አሠራር ሞከሩ። ደም፣ ሽንት፣ የደረት ራጅና የደም ግፊት በአንድነት የሚታዩበት ይህ ምርመራ ብዙ ገጽታ ያለው የጤና ምርመራ ተብሎ ይታወቃል።

አሠራሩን በሰፊው የተቀበለው ግን የፐርማኔንቴ ድርጅት ነበር። በ1951 ወደ 4 ሺህ የሚጠጉ የወደብ ሠራተኞች በማኅበራቸው ጥያቄ ተመረመሩ። ሥራውን የመሩት ከሪችመንድ ዘመን ጀምሮ የዶክተር ጋርፊልድ ባልደረባ የነበሩት ዶክተር ሞሪስ ኮለን ናቸው። ኮለን ሕክምና ከማጥናታቸው በፊት በኤሌክትሪክ ምሕንድስና የተመረቁ ነበሩ። ዶክተር ጋርፊልድ ይህን ያውቁ ስለነበር፣ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ገና ብርቅ የነበረው ኮምፒውተር ለሕክምና ምን ሊሠራ እንደሚችል እንዲያጠኑ ገፋፏቸው።

በ1964 በኦክላንድና በሳን ፍራንሲስኮ አዲሱ ምርመራ ሥራ ጀመረ። ተመርማሪው ከጣቢያ ወደ ጣቢያ እየተዘዋወረ ቁመቱና ክብደቱ፣ ዓይኑና ጆሮው፣ የልብ ምቱና የሳንባው አቅም ይለካል፤ ደሙም ይቀዳል። ውጤቱ በካርድ እየተበሳ ወደ ኮምፒውተር ይገባል። በኒው ዮርኩ ሐኪም ኖርማን ኦረንትራይክ ተባባሪነት ደግሞ ከብዙዎቹ ደም የተለየው ፈሳሽ፣ ማለትም ሴረሙ፣ ለወደፊት ጥናት በከፍተኛ ቅዝቃዜ ተቀመጠ።

ዶክተር ጋርፊልድ በሚያዝያ 1970 በሳይንቲፊክ አሜሪካን መጽሔት ባወጡት ሰፊ ጽሑፍ ይህን ምርመራ የሕክምና ሥርዓት ሁሉ መግቢያ በር እንዲሆን ሐሳብ አቀረቡ። ክፍያ ሲቀር ጤነኛውም፣ ስለ ጤናው የሚሰጋውም፣ ሕመሙ ገና የጀመረውም፣ በጽኑ የታመመውም ሁሉ በአንድ በር ይጋፋሉ፤ በሩን የሚጠብቀው ሐኪም ደግሞ ጽኑ ሕሙማንን ለማከም ብቻ የሠለጠነ ነው ሲሉ ተከራከሩ። በምርመራ እየተለዩ ለእያንዳንዱ የሚስማማውን አገልግሎት መስጠት ይሻላል የሚል ነበር ክርክራቸው።

ተስፋው ሁሉ አልሠመረም። ኮለንና ባልደረቦቻቸው ለዓመታት ባደረጉት ንጽጽር፣ በየጊዜው እንዲመረመሩ የተገፋፉት ሰዎች በጊዜ ከተደረሰባቸው ሊዘገዩ በሚችሉ በሽታዎች የመሞታቸው ዕድል ቀንሶ ተገኘ፤ አጠቃላይ የሞት ቁጥር ላይ ግን ጎልቶ የሚታይ ልዩነት አልመጣም። ሁሉንም ሰው ለሁሉም በሽታ መመርመር የታሰበውን ያህል ሕይወት አላተረፈም። ምርመራው ትቶት ያለፈው ደም ግን ማንም ያላሰበውን ጥቅም ሊሰጥ ነበር።

በሌላው የዓለም ጫፍ የተገኘው ባክቴሪያ

ዶክተር ጋርፊልድ በ1980ዎቹ መጀመሪያም በኦክላንድ ጤናን አስቀድሞ የመጠበቅ ሐሳባቸውን በአዲስ ፕሮጀክት እየፈተኑ ነበር። በዚያው ዘመን በአውስትራሊያ፣ በፐርዝ ከተማ፣ ሮቢን ዋረንና ባሪ ማርሻል የተባሉ ሁለት ሐኪሞች የጨጓራቸው ግድግዳ ከተቆጣ ሰዎች በተወሰደ ናሙና ውስጥ ጠመዝማዛ ባክቴሪያ ደጋግመው አዩ። በ1982 ባክቴሪያውን በቤተ ሙከራ ማራባት ቻሉ። በ1984 ግኝታቸውን ላንሴት በተባለው መጽሔት አወጡ፤ ማርሻል በዚያው ዓመት ባክቴሪያውን ራሳቸው ጠጥተው የጨጓራ መቆጣት እንደሚያስከትል አሳዩ። ሲድኒ ጋርፊልድ የሞቱት በዚያ ዓመት መገባደጃ፣ በ78 ዓመታቸው ነው።

ባክቴሪያው በአሲድ ውስጥ የሚኖርበት ዘዴ አለው። ዩሪያን የሚሰብር ኢንዛይም እያመነጨ በዙሪያው አሞኒያ ይፈጥራል፤ አሞኒያው አሲዱን ያበርድለታል። በጅራት መሰል ክሮቹ እየዋኘ ወደ ጨጓራው ግድግዳ ይጠጋና በዝልግልጉ ሽፋን ሥር ይሰፍራል። አብዛኛውን ጊዜ ሰውን የሚይዘው በልጅነት፣ በቤተሰብ ውስጥ ነው፤ ካልታከመም በአብዛኛው ዕድሜ ልክ ይቆያል።

የጨጓራ ቁስለት መንስኤ ባክቴሪያው መሆኑ እየተረጋገጠ ሲሄድ ከባዱ ጥያቄ ቀረ። ካንሰርንስ ያመጣል? ካንሰር የያዛቸውን ሰዎች መርምሮ መልስ ማግኘት አስቸጋሪ ነበር። በካንሰር ታማሚ ጨጓራ ውስጥ ባክቴሪያው ቢገኝ፣ የተዳከመውን ጨጓራ በኋላ መጥቶ ሰፍሮበት ሊሆን ይችላል። ባይገኝም ንጹሕ ነው ማለት አይደለም፤ ምክንያቱም ለዓመታት የተጎዳ ጨጓራ አሲድ ማመንጨቱን ሲያቆም ለባክቴሪያው ራሱ የማይመች መኖሪያ ይሆናል፤ እሳቱን የለኮሰው ቤቱ ሲቃጠል ከሥፍራው ይጠፋል። ቀዳሚውን ከተከታዩ ለመለየት በሽታው ከመጀመሩ ከዓመታት በፊት የተወሰደ ማስረጃ ያስፈልግ ነበር።

ያ ማስረጃ ከኦክላንዱ ምርመራ ተርፎ በቅዝቃዜ ማከማቻ ውስጥ ተቀምጦ ነበር። ሰውነት ባክቴሪያው ሲገባበት ፀረ እንግዳ አካላት ያመርታል፤ እነዚህም በሴረም ውስጥ ለብዙ ዓመታት ሳይበላሹ ይቆያሉ።

በሳን ሆዜ አቅራቢያ የሚገኘው የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ጁሊ ፓርሶኔት ከድርጅቱ ተመራማሪዎችና ከኦረንትራይክ ጋር ሆነው ከ1960ዎቹ ጀምሮ ክትትል ሲደረግላቸው የቆዩ የ128,992 ሰዎችን መዝገብ ተመለከቱ። ከእነዚህ መካከል በኋላ የጨጓራ ካንሰር የያዛቸውን 186 ሰዎች ወሰዱ። ለእያንዳንዳቸውም በዕድሜ፣ በጾታና በዘር የሚመሳሰል፣ ካንሰር ያልያዘው አንድ ሰው መረጡ። ከዚያም የሁሉንም የቆየ ሴረም መረመሩ። ደሙ ከተቀዳበት ጊዜ አንሥቶ ካንሰሩ እስከታወቀበት ድረስ በአማካይ 14 ዓመት አልፏል።

ዋናውን የጨጓራ ክፍል በሚያጠቃው የካንሰር ዓይነት ከተያዙት 109 ሰዎች መካከል 92ቱ፣ ማለትም 84 በመቶው፣ ከዓመታት በፊት ባክቴሪያው ነበረባቸው። ካንሰር ካልያዛቸው አቻዎቻቸው መካከል ግን ባክቴሪያው የተገኘባቸው 61 በመቶ ነበሩ። ሲሰላ ባክቴሪያው የነበረበት ሰው ለካንሰሩ የመጋለጥ ዕድሉ 3.6 እጥፍ ሆኖ ተገኘ። ጉሮሮና ጨጓራ በሚገናኙበት ሥፍራ የሚነሣው ካንሰር ግን ከባክቴሪያው ጋር ዝምድና አልታየበትም።

በዚያው ዓመት በሃዋይ በሚኖሩ ጃፓናዊ አሜሪካውያንና በብሪታኒያ የተደረጉ ጥናቶችም በተመሳሳይ በተቀመጠ ደም ተመሳሳይ ውጤት አገኙ። በ1994 የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም ኤች ፓይሎሪን በሰው ላይ ካንሰር እንደሚያመጡ ከተረጋገጡት ጎራ መደበው። ዋረንና ማርሻል በ2005 የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ።

ለዛሬው አንባቢ

የኦክላንዱ ቁጥር ሁለት ገጽ አለው። ካንሰር ካልያዛቸው ሰዎችም ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ባክቴሪያው ነበረባቸው። ባክቴሪያው ከያዛቸው ሰዎች መካከል በካንሰር የሚጠቁት ጥቂቶች ናቸው፤ ግምቱ ከ100 ሰዎች ከ1 እስከ 3 ነው። ካንሰሩ እስኪመጣ አስርት ዓመታት ይወስዳል፦ ግድግዳው ይቆጣል፣ እየሳሳ ይሄዳል፣ ሕዋሳቱ መልካቸውን ይለውጣሉ፣ በመጨረሻም ከሥርዓት ይወጣሉ። የባክቴሪያው ዝርያ፣ ጨው የበዛበት ምግብ፣ ማጨስና የቤተሰብ ታሪክ መንገዱን ሊያፋጥኑት ይችላሉ። በዓለም ዙሪያ በዓመት ከ600 ሺህ በላይ ሰዎች በዚህ ካንሰር ይሞታሉ።

በኢትዮጵያ የተደረጉ ጥናቶች አንድ ላይ ሲታዩ ከተመረመሩት ሰዎች ግማሽ ያህሉ ወይም ከዚያ በላይ ባክቴሪያው እንዳለባቸው ያመለክታሉ። ያም ሆኖ በብዙ ቤት ጨጓራ አመመኝ ማለት የተለመደ ወሬ ነው። ጥፋቱ በበርበሬው፣ በቡናው፣ በጾሙ ወይም በሐሳብ ይላከካል፤ ተልባ ተመትቶ ይጠጣል፣ የአሲድ ማብረጃ ከመድኃኒት ቤት ተገዝቶ ይዋጣል። በርበሬ የተቆጣን ጨጓራ ሊያቃጥል ይችላል፤ ባክቴሪያውን ግን አያመጣውም፣ ተልባም አያጠፋውም።

ባክቴሪያው በትንፋሽ ወይም በሰገራ ምርመራ ይታወቃል። የደም ምርመራ ለ1991ዱ ጥናት የተመቸው ፀረ እንግዳ አካላቱ ረጅም ጊዜ ስለሚቆዩ ነው፤ በዚያው ምክንያት አሁን ያለን ኢንፌክሽን ከዳነው ለመለየት አያስተማምንም። ሕክምናው አሲድ የሚቀንስ መድኃኒትን ከፀረ ባክቴሪያ መድኃኒቶች ጋር አጣምሮ አብዛኛውን ጊዜ ለ14 ቀናት መውሰድ ነው። ኪኒኑን ጀምሮ ማቋረጥ ባክቴሪያው መድኃኒቱን እንዲለምድ ያደርገዋል። ስለዚህም ከሕክምናው በኋላ መጥፋቱን በድጋሚ ምርመራ ማረጋገጥ ይመከራል። ምክንያቱ ያልታወቀ የክብደት መቀነስ፣ ምግብ ለመዋጥ መቸገር፣ ደም ማስመለስ ወይም እንደ ሬንጅ የጠቆረ ሰገራ ሲታይ ግን ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም መሄድ ያስፈልጋል። ጃፓን ከ2013 ጀምሮ ባክቴሪያው የጨጓራ መቆጣት ያስከተለባቸውን ሰዎች ሕክምና በብሔራዊ የጤና መድኗ ትሸፍናለች። ከዓላማዎቿ አንዱ ካንሰሩን ከሥሩ መከላከል ነው።

ዶክተር ጋርፊልድ የመሠረቱት ድርጅት ዛሬ ካይዘር ፐርማኔንቴ በሚል ስም ከ12 ሚሊዮን በላይ አባላት አሉት። በኦክላንድ የመጀመሪያው ሆስፒታል በቆመበት በብሮድዌይና በማካርተር መገናኛ በ2014 አዲስ ሕንጻ ተከፍቷል። ከዚያ ጥቂት መንገድ ርቆ በሚያልፈው ቴሌግራፍ ጎዳና የሐበሻ ምግብ ቤቶች ተደርድረዋል፤ በኦክላንድም ሆነ በሳን ሆዜ የሚኖሩ ብዙ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን የልጅነት ዘመናቸውን ያሳለፉት ባክቴሪያው በብዛት በሚገኝበት አገር ነው።

እነዚያ በ1960ዎቹ ክንዳቸውን ለመርፌ የዘረጉት ሰዎች ደማቸው ምን እንደሚመልስ አላወቁም። ዶክተር ጋርፊልድም አላወቁም። በበረሃ የተማሩት አንድ ነገር ግን ለጨጓራ ካንሰር በትክክል ይሠራል። በሽታው ራሱን የሚገልጠው አብዛኛውን ጊዜ ከረፈደ በኋላ ሲሆን፣ መንስኤው ግን ሰውየው ጤነኛ ሆኖ ሥራውን እየሠራ ሳለ፣ ከዓመታት በፊት፣ በአንድ ትንፋሽ ሊታወቅ ይችላል።